ተቀባይ ያጣ ተረት

የጎረቤቴ ልጅ ህይወት ከስልጠና ተመለሰች። ሦስተኛ ክፍል አማርኛ ነው የምታስተምረው። ደሴ ወስደው፣ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠው፣ ሻይ በብስኩት አጠጥተው፣ ወፍራም ሞጁል አሸክመው መልሰዋታል። እሱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችና «እትዬ፣ አዲስ ዘዴ መጥቷል እኮ» አለችኝ። ምን ዓይነት ዘዴ ነው ስላት፣ ልጆች ተረት እየተረቱ የመናገር ክህሎታቸውን የሚያዳብሩበት ነው አለች። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ንዴቴ። እኔ በዚህ አዲስ በተባለው ዘዴ መካነ ሰላም ላይ ሳስተምር የህይወት እናት ገና አልተወለደችም። መነጽሬን አጥልቄ ሞጁሉን አገላበጥኩት። ተራኪው ወደ ፊት ይወጣል፣ ሌሎቹ ሳይንጫጩ ያዳምጣሉ፣ መምህሩ ነጥብ ይይዛል፤ ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው። «ሳይንጫጩ?» አልኳት። «እንዳይረብሹ ነዋ።» «ይኼን ያዘጋጀው ሰው ለመሆኑ ተረት ሰምቶ ያውቃል?» «እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ፤ የሰጡንን ነው» አለችና ሞጁሉን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበችው፤ የምቀድባት መስሏት ነው። አልቀደድኩም። ግን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አፌ አልተዘጋም። ለእሷ የነገርኳትን ነው አሁን የምጽፈው፤ እሷማ ግማሹን ሰማች፣ ግማሹን ስልኳን ስትነካካ አመለጣት።

ያኔ፣ በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት፣ ደሴ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ፈተናው ፊቱን አዙሮብኝ፣ ቤት ከመዋል ብዬ ነው መምህርነት የተቀጠርኩት። ምድብሽ መካነ ሰላም ነው ሲሉኝ እናቴ አለቀሰች፤ እኔ ደስ አለኝ። ደሴ ጠቦኝ ነበር፤ የሆነ ቦታ ሦስት ቀን ከተቀመጥኩ እግሬን የሚበላኝ ሰው ነበርኩ። ጭነት መኪና ላይ ከጨው ጆንያ ጋር ተጭኜ፣ መኪናው እምቢ ካለበት ወዲያ በበቅሎ ገባሁ። የለበስኩት ከጉልበቴ ከፍ ያለ አበባ አበባ ቀሚስ፣ ጸጉሬ አፍሮ፣ እግሬ ላይ ደሴ ፒያሳ የገዛሁት ባለ ወፍራም ሶል ጫማ። ገበያው ቆሞ አየኝ። አንዲት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት «ያረቢ፣ ይችን ልጅ ብርዱ ይገድላታል» ብላ የገዛ ነጠላዋን ልትደርብብኝ ተነሳች፤ ጎረቤቷ ደግሞ «ተያት፣ ጨርቁ ያለቀው እሷ ጋ ሲደርስ ነው» አለቻት። ሁለቱም እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። በሚቀጥለው ሳምንት ረጅም ቀሚስ አሰፋሁ። የሰፋልኝ ይመር ነው፤ ከሰይድ ሱቅ በረንዳ ላይ የእግር መኪናውን ዘርግቶ የሚውለው ልብስ ሰፊ። ያ ጥግ የከተማው ልብ ነበር። ሰይድ የባትሪ ድንጋይ እንዳያልቅበት ራዲዮኑን የሚከፍተው ለዘፈን ምርጫ ሰዓት ብቻ ነው፤ ያኔ ክራርም ይሁን ሳክስፎን፣ መንገደኛው ሁሉ አህያውን አቁሞ ይሰማ ነበር። ስኳር በጋዜጣ ጥቅል፣ ነጭ ጋዝ በጠርሙስ፣ አቡጀዲ በክንድ፣ ኮንጎ ጫማ በገመድ ተሰክቶ እንደ ቋንጣ ተንጠልጥሎ። በስሙኒ እቅፍ ሙሉ እንቁላል ይገኝ ነበር ብላት ህይወት ቀና ብላ አላመነችኝም።

መጀመሪያ የጠፋው ታዲያ እንቁላሉ ነው። ቀጥሎ ዶሮዎቹ ራሳቸው። ከከላላ ገበያ የሚመለስ ሰው በሬ በፍየል ዋጋ ሲሸጥ አየሁ ይል ጀመር፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የሚገዛም የለም አለ። ከዚያ ከአባይ አፋፍ፣ ከቆላው፣ ሰው ሽቅብ መውጣት ጀመረ። በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም ጥግ ተቀምጠው ነበር፤ የማንኛው እንደሆኑ የሚጠይቃቸው አልነበረም። እኔን ያበግነኝ የነበረው ግን ቃሉ ነው። ረሃብ አይባልም። መሥሪያ ቤት ውስጥ የዝናብ እጥረት ነው፤ እሱንም ድምፅ ቀነስ አድርጎ። ሰው ዓይናችን እያየ እየወደቀ፣ ስለ ደመና ነበር የምናወራው። በኋላ ነገሩ ገነፈለ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ሰው ሁሉ አውቅ ነበር አለ። ያኔ ግን ማንም አያውቅም ነበር።

ትምህርት ቤታችን የዱቄት ወተት ተላከለት። ጠዋት በበርሜል ይፈላና መዝገብ ላይ ስሙ ላለ ልጅ አንድ ኩባያ ይሰጠዋል። ስሙ ለሌለ አይሰጥም። ስለዚህ ከአጥሩ ውጭ ስማቸው እንዲጻፍ የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ፣ ከውስጥ ደግሞ ስማቸው እንዳይሰረዝ የሚፈሩ። መዝገቡን የያዙት ዲሬክተራችን አቶ ታደሰ ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፣ ደህና አድርጌ እጠላቸው ነበር። ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ማስመሪያ በብብታቸው ሸጉጠው፣ ከክፍል ክፍል እየዞሩ ፀጥታ የሚያዳምጡ ሰው ናቸው። ጥሩ ክፍል ማለት ለእሳቸው የዝንብ ክንፍ የሚሰማበት ክፍል ነው።

እኔ የደረሰኝ ሦስተኛ ክፍል ነበር። ልጆቹ መጽሐፉን በአንድ ድምፅ ሲያነቡ ጣሪያው ይነቃነቃል። መጽሐፉን ዘግታችሁ ትናንት ምን እንደሠራችሁ ንገሩኝ ስላቸው ደግሞ ሁሉም ጣቱን ያያል። የራሱን ዐረፍተ ነገር ከራሱ አፍ ማውጣት የሚችል አልነበረም። ማንም አላሠለጠነኝም፤ ተናድጄ ነው ያደረግኩት። መጽሐፉን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበትና «ከነገ ጀምሮ እያንዳንዳችሁ ከቤት አንድ ተረት ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ እዚህ ወጥታችሁ ትነግሩናላችሁ» አልኳቸው። ወላጆች በገበያ ሲያገኙኝ ግራ ገባቸው። ይመር የእግር መኪናውን አቁሞ «ድሮ ተረት በቀን ከተወራ ከብት ይጠፋል ይሉን ነበር» አለኝ፤ ክሩን በጥርሱ በጠሰና «እንግዲህ ከብቱ አልቋል፣ አውሩ» አለ። አቶ ታደሰ ግን ባንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው የፈቀዱት። «ወይዘሪት፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ትንፍሽ አይበል። እጅ ዴስክ ላይ፣ አፍ ዝግ። ክፍልዎ ገበያ ከሆነ ተረቱ ይቆማል።» የከተማው ልጆች ለመዱት። ወጥተው፣ ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ተክለው፣ ተረቱን እንደ መዝሙረ ዳዊት በቃላቸው አነብንበውት ይቀመጣሉ። መናገር ነው ከተባለ ይሁን።

ለዘሀራ ግን አፍ ከየት ላምጣላት። ዘሀራ የይመር የእህት ልጅ ናት፤ እናቷ ከቆላ ስትወጣ መንገድ ላይ ቀርታ፣ ልጅቷ ብቻ አጎቷ ዘንድ ደረሰች። ተራዋ ሲደርስ ትወጣለች፣ «ተረት ተረት» ትላለች፣ ትቆማለች። አንድ ቃል አትጨምርም። ታየናለች፤ እናያታለን። «እሽ፣ ቀጥይ» እላታለሁ። እንደገና «ተረት ተረት» ብላ ትቆማለች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። ሌላ ጊዜም እንዲሁ፣ ሌላ ጊዜም። ልጆቹ ቆራጣ የሚል ስም አወጡላት። አቶ ታደሰ ይህንን ሰሙና ወሰኑ፤ በመንፈቁ መጨረሻ ራሳቸው መጥተው እያንዳንዱን ልጅ ያናግራሉ፣ መናገር ያልቻለ ከመዝገቡ ይሰረዛል፣ በቦታው ከአጥሩ ውጭ ካሉት አንዱ ይገባል። «ለማይናገር ልጅ ወንበር ይዤ የሚናገረውን ውጭ ላቁም?» አሉኝ። ውጭ የቆሙትንም አይቻቸዋለሁ። ይመር ጋ ሄጄ ስነግረው ከስፌቱ ቀና አላለም። «ወተቱ ከቀረባት እኔ የማበላት የለኝም፣ እትዬ» አለ። «ደሴ የሚወርድ ጨው ነጋዴ አለ። ለሠራተኛነት ሰው ቤት አስገባታለሁ ብሎኛል።» «ገና ልጅ እኮ ናት።» «አውቃለሁ ልጅ እንደሆነች። የሚያበላት ቤት ከተገኘ አልሀምዱሊላህ ነው።» እኔ እንደዚያ ያሉ ልጆች ደሴ ምን እንደሚገጥማቸው ጎረቤታችን ቤት አይቼ ነው ያደግኩት። ያንን ብነግረው ግን የሚያበላት እህል አይሆንለትም።

እናም አንድ ጠዋት የወተቱ በርሜል አልፈላ ብሎ ሰልፉ ዘገየ። እንጨቱ እርጥብ ነበር። ጭሱን ሸሽቼ ከማገዶው ክምር ኋላ ስዞር ጠንካራ፣ ጥርት ያለ የልጅ ድምፅ ሰማሁ። ሴቶቹ ልጆች ኩባያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ክብ ሠርተዋል፤ የምታወራው ዘሀራ ናት። ስለ አንድ ወስላታ ጦጣ ነበር የምታወራው፤ እጇ ይወራጫል፣ ድምፅዋ እንደ ጦጣ ይቀጥናል፣ እንደ ዳኛ ይወፍራል፣ ልጆቹም በየመሀሉ «እሽ» ይሏታል። እሽ ሲሏት ትቀጥላለች። አንዷ ወተቱን ዞር ብላ ስታይ «የት ነሽ አንች፣ እሽ በይ እንጅ» ብላ በክርን ጎሸም አደረገቻት። ስታየኝ ቆመች። «አንቺ ለካ ይኼ ሁሉ አፍ አለሽ» አልኳት፤ መናደድም መሳቅም አማረኝ። «ክፍል ውስጥ ለምንድነው የማትናገሪው?» መልሱ ለእሷ በጣም ግልጽ ስለነበረ ጥያቄው ገረማት። «ማን ይቀበለኛል፣ እትዬ? ተረት ተረት ስል ሁሉም ዝም ይላል። ሰው ዝም ካለ አልሰማም ማለት ነው፤ ተኝቷል ማለት ነው። እናቴ ለተኛ ሰው አይተረትም ትለኛለች።» ትለኛለች ነው ያለችው። ነበር አላለችም።

በዚያው ጭስ ጭስ እያልኩ የዲሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ነገሩን ዘርዝሬ አስረዳኋቸው፤ ልጆቹ የላም በረት ብለው ይመልሱላት፣ በየመሀሉ እሽ ይበሏት፣ ሌላ ምንም አልጠይቅም አልኩ። አቶ ታደሰ ማስመሪያቸውን በጠረጴዛው ልክ አስተካከሉ። «አርባ ልጅ ባንድ ጊዜ እሽ ሲል ጩኸት ነው፣ ወይዘሪት።» «መጽሐፍ ሲያነቡ ባንድ ጊዜ ይጮሁ የለ?» «እሱ ንባብ ነው።» «ይኼም ንግግር ነው።» «ንግግር አንድ ሰው ነው የሚያደርገው» አሉ። እንደዚህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል? ትምህርት ቤቱን የሚጎበኙ የመንግሥት እንግዶች ከደሴ እንደሚመጡ፣ በዚህ ወቅት ከትምህርት ቤት የሚወጣ ማንኛውም ጩኸት ሌላ ትርጉም እንደሚሰጠው ነገሩኝ። ፈርተው ነበር። ሁሉም ሰው ፈርቶ ነበር፤ እኔ ብቻ ነኝ ለመፍራት ትዕግሥቱ ያልነበረኝ።

የፈተናው ቀን መዝገቡን ይዘው ገቡና የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማስመሪያው ጠረጴዛው ላይ። ልጆቹ እጃቸውን ዴስክ ላይ ዘርግተዋል። አንድ በአንድ ወጡ፣ ግድግዳውን እያዩ ተናገሩ፣ አለፉ። ዘሀራ ወጣች። አጎቷ ከቅዳጅ ጨርቅ የሰፋላትን፣ አንዱ እጅጌ ሰማያዊ አንዱ ቡኒ የሆነ ቀሚስ ለብሳለች። «ተረት ተረት» አለች። ዝም። «ቀጥይ» አሉ አቶ ታደሰ። «ተረት ተረት።» «ሰምተናል እኮ። ቀጥይ።» ዘሀራ ልጆቹን አየች፣ ልጆቹ ማስመሪያውን አዩ። የማገዶው ጥግ ጓደኞቿ ከንፈራቸውን ነክሰዋል። አቶ ታደሰ የብዕራቸውን ክዳን ከፈቱ።

«አቶ ታደሰ፣ እየጠበቀች ነው» አልኩ።

«ማንን?»

«የሚመልስላትን። ልጆቹን ከልክለዋል፤ እንግዲህ እርስዎ ይመልሱላት።»

«እኔ?»

«ፈተናውን የሚሰጡት እርስዎ ነዎት።»

ከኋላ አንዱ ሳቁን ሊያፍን ብሎ አስነጠሰ። አቶ ታደሰ ብዕሩን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ በሩን አዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ስም እንደሚጠራ ሰው፣ «የላም በረት» አሉ። ዘሀራ ትከሻዋ ወረደ። «አንድ ጅብ ነበረ» አለች፣ እሳቸው ላይ እንዳፈጠጠች፤ ቆመች። «እሽ ይበሏት» አልኳቸው ዝቅ ብዬ። «እሽ።» «ጅቡ ሚዜ ተባለ።» «እሽ።» «ሚዜ ተብሎ ለምድ አጣ። በግ ዘንድ ሄደና ለምድ አውሽኝ አላት። ለብሸዋለሁ አለችው።» «እሽ።» «ግድ የለም፣ ከነለባሿ ይምጣልኝ አላት።» እዚህ ላይ አቶ ታደሰ እሽ ማለቱን ረሱት፤ ፈገግ ብለው ነበር። ዘሀራ ጠበቀቻቸው። «እሽ፣ እሽ» አሉ ቶሎ ብለው። በጓ ታዲያ ለምዱ አድፏልና ልጠበው፣ እስኪደርቅ ወንዝ ማዶ ሆነህ ጠብቀኝ ትለዋለች፤ ጅቡም ይሻገራል፣ ወንዙም ይሞላል፣ እሱም እስከ ዛሬ ለምዱ ይደርቃል ብሎ ማዶ ቆሟል። ዲሬክተሩ በየመሀሉ እሽ እያሉ፣ ሳያስቡት ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ ተደግፈው፣ ወደ ፊት አዘንብለው ሰሙ። ዘሀራም እንደ ደንቡ ዘጋችው። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።»

በሌላ ዘመን ይህን ሐረግ ማንም ጆሮ አይሰጠውም፤ ደህና ዋሉ እንደማለት ነው። በዚያ ዓመት፣ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ ከዚያች ልጅ አፍ ሲወጣ ግን ሁላችንም ሰማነው። ልጆቹ ሁሉ አቶ ታደሰን ያያሉ። እሳቸው ኪሳቸውን ዳሰስ አደረጉ፤ ምን ሊያገኙ እንደሆነ እንጃ። «ልጄ፣ ዳቦ የለም» አሏት።

«አውቃለሁ» አለች ዘሀራ። «እንዲያው ነው የሚባለው።»

አሳለፏት። ጨው ነጋዴው ብቻውን ደሴ ወረደ። ይመር ያን ቀን ደስታ አሳስቶት አንድ ልብስ ግራና ቀኙን አገላብጦ ሰፍቶ ሙሉውን ሲተረትር አይቼዋለሁ። አቶ ታደሰ ግን በር ላይ አስቁመውኝ፣ ግማሽ ነገር ሰጥተው ግማሽ ነገር ወሰዱ። «ይመልሱ፣ እሽም ይበሉ። መጨረሻዋ ግን ከእንግዲህ አትባል። ልጆች ዳቦ ብለው ሲጮሁ እንግዶቹ ከሰሙ እኔንም እርስዎንም አይምሩንም።» ተረት ያለ መዝጊያው እንዴት ይሆናል ብዬ ልከራከር ስል ፊታቸውን አይቼ ተውኩት። አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ጥቂት ቆይቶ አብዮቱ ሲመጣ እዚያው ትምህርት ቤት ልጆቹን በአንድ ድምፅ ማስጮህ ግዴታ ሆነ፣ መፈክር የማይጮህ ተጠርጣሪ ተባለ፣ ተረትን ደግሞ የኋላ ቀር ወሬ ነው ብለው አስተዉን። አንዱ ዝም በሉ ይላል፣ ሌላው ጩኹ ይላል፣ አሁን ደግሞ ሞጁሉ ሳትንጫጩ አዳምጡ ይላል። ልጅ ሲናገር እሽ ማለት ይኼን ያህል ምን አደከማቸው? እኔ ወደ አጅባር እስክዛወር ድረስ ዘሀራ ስሟ መዝገቡ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዘመኑ ሁላችንንም በየአቅጣጫው በተነን።

ያኔ መዝጊያው በተከለከለ ሰሞን ታዲያ ልጆቹ ያልተዘጋውን ተረት አልቻሉትም። ተረቱ ያልቃል፣ ተራኪው ግን አይቀመጥም፤ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ይቁለጨለጫል። «እትዬ፣ አፌ ላይ ቀረ» ትለኛለች ዘሀራ። ምን ልበላት? እንግዶቹ የመጡ ቀን ጠዋት ክፍሌ ውስጥ ተረት ነበር፤ እሽ ነበር፣ ሳቅ ነበር፣ መዝጊያ አልነበረም። ከዚያ ለእንግዶቹ የትምህርት ዕቅድ ላሳይ ቢሮ ተጠራሁ። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ክራቫት አስሯል፣ አንዱ ጥቁር መነጽር አድርጓል። ጂፓቸው በር ላይ አቧራውን ገና አላራገፈም። አቶ ታደሰ ስለ ዝናብ እጥረቱ እያስረዱ ነበር። ለእረፍት ደወል የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ተመታ። ልጆቹ እንደ ወትሮው ወደ ኳሱ አልሮጡም። ከመስኮቱ ሥር፣ ከማገዶው ክምር በኩል፣ መጀመሪያ አንድ ድምፅ ብቻ ወጣ፤ የማን እንደሆነ አላጣሁትም። ቀጥሎ ጠዋት የተረቱት ሁሉ፣ ከዚያም ያልተረቱት፣ ባንድነት፣ ያን የተከለከለውን መዝጊያ ደጋግመው ለቀቁት። አፌን በዳቦ አብሱ። አፌን በዳቦ አብሱ።

አቶ ታደሰ ብድግ ብለው መስኮቱን ሊዘጉት ሳቡት፤ እንጨቱ አብጦ አልዘጋ አለ። ባለ መነጽሩ እጁን ከፍ አድርጎ አስቆማቸውና ጆሮውን ወደ ውጭ ጣል አደረገ። «ምንድነው ይኼ?» አለኝ።

«የአማርኛ ትምህርት» አልኩት። «ልጆቹ መናገር እየተለማመዱ ነው።»

ጥቂት ሰማ። ወደ ጓደኛው ዞር ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «እዚህ አገር እንዲህ አድርጎ ማስተማር ቀላል አይደለም» አለ። «እያንዳንዱን ፊደል ጥርት አድርገው ነው የሚያወጡት።»